የጾም ምግብና የከሳ ሰውነት
ስለ አቃቂ ቃሊቲ ጥራጥሬና ስለ ጡንቻ መታነጽ አጭር የታሪክ ጥናት

በአማርኛ «ሥጋ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ከበሬና ከበግ የሚገኘው ምግብ ነው፤ ሁለተኛው የሰው ልጅ የለበሰው አካል ነው። በሕመም ወይም በችጋር የመነመነ ሰው ሲያገግም «ሥጋ ለበሰ» እንላለን። ቃሉ አንድ ስለ ሆነ አሳቡም አንድ ሆኖ ኖሮአል፤ ይኸውም የጠፋው ሥጋ የሚመለሰው በሥጋ ብቻ ነው የሚለው እምነት ነው። ስለዚህ ከተስቦ፣ ከግርሻ ወይም ከሳንባ ነቀርሳ ለተነሣ ሰው ዘመድ አዝማዱ የሚያዝለት መረቅ፣ ወተትና ዕንቁላል ነው። አቅም ያለው ቤት ይህን ያደርጋል። አቅም የሌለው ቤት ግን ወይ ይበደራል፣ ወይ ዕቃውን ይሸጣል፣ ወይም «ምን ላድርግ» ብሎ በሽተኛውን በቀጭን ሽሮ ይተወዋል። ጊዜው ዐቢይ ጾም ሲሆን ደግሞ ችግሩ ከኪስ አልፎ ወደ ኅሊና ይገባል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ክብደቱን አጥቶ የከሳ ሰው ከእህልና ከጥራጥሬ በቀር ሌላ ሳይበላ ጡንቻውን መልሶ ሊያንጽ ይችላልን? ይህን ጥያቄ ሐኪሞች በየጊዜው መርምረውታል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከታሪክ በኩል ነው፤ ለምሳሌነት የመረጥነውም የአቃቂ ቃሊቲን አካባቢ ነው። ሥፍራውን የመረጥንበት ምክንያት ጥራጥሬ የሚያበቅለው ጥቁር አፈርና በጉልበቱ የሚያድረው ሠራተኛ ጎን ለጎን ስለሚገኙበት ነው።

1. መሬቱና ሽምብራው

አቃቂ ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ የአቃቂ ወንዝ በሚወርድበት ሜዳ ላይ ይገኛል። አብዛኛው መሬት መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ አቁሮ ይጨቀያል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። የአካባቢው ገበሬ፣ አብዛኛው የቱለማ ኦሮሞ የሆነው፣ የአፈሩን ጠባይ አጥብቆ ያውቃል። ጤፉን በክረምቱ ይዘራል፤ ሽምብራውን ግን የሚዘራው ዝናሙ ሊያበቃ ሲል፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ነው። ሽምብራው ሌላ ዝናም ሳይፈልግ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ አድጎ ያፈራል። ምስርና ጓያም እንዲሁ ናቸው። አማርኛው ሽምብራ ሲል ኦሮምኛው ሹምቡራ ማለቱ ሁለቱ ሕዝቦች ይህን እህል ለብዙ ዘመን አብረው መብላታቸውን ያስታውሰናል።

የጥራጥሬ ሥር ከሌላው እህል የሚለይበት አንድ ነገር አለ። በሥሩ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ሕዋሳት ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ይሰጡታል። ፕሮቲን የሚባለው ገንቢ ምግብ ደግሞ ከስብና ከስታርች የሚለየው ናይትሮጅን ስላለበት ነው። በሬውም ቢሆን ፕሮቲኑን የሚያገኘው ከሚግጠው ሣርና ከሚበላው ገለባ ነው። ስለዚህ መቶ ግራም ደረቅ ሽምብራ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ ምስር 24 ግራም ያህል፣ ባቄላ 26 ግራም ያህል መያዙ ሊያስደንቀን አይገባም። ስብ የሌለበት ጥሬ ሥጋ በመቶ ግራም የሚይዘው ወደ 21 ግራም ይጠጋል። እርግጥ ሽምብራው ተቀቅሎ ውሃ ሲጠጣ መጠኑ ይሰፋል፤ ያንኑ ያህል ፕሮቲን ለማግኘትም ብዙ መብላት ያስፈልጋል። ይህን ነጥብ ወደ ፊት እንመለስበታለን።

የምድር ባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ ይህ ሜዳ ቀስ በቀስ የመጋዘንና የፋብሪካ ሥፍራ ሆነ። የሕንዱ የቢርላ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 በኢትዮጵያ ያቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ሥራ፣ የሕንድ ኩባንያዎች ከአገራቸው ውጭ በሽርክና ካቋቋሙአቸው ፋብሪካዎች የመጀመሪያው መሆኑ ይነገራል። የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም አቃቂን የሠራተኛ ከተማ ካደረጉአት አንዱ ነው። በዚህ ለውጥ ውስጥ ስለ ምግብ ታሪክ የሚጻፍ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ገበሬው ሽምብራውን የሚያወጣው ከጎተራው ነው፤ የፈረቃ ሠራተኛውና ጫኝና አውራጁ ግን ሽሮውን በጥሬ ገንዘብ ከሱቅ ይገዛሉ። ጎተራ ያለው ሰው ሲርበው ወጡን ያወፍራል። ደመወዝ ያለው ሰው ወሩ ሲያልቅ ወጡን ያቀጥናል።

2. ጾሙና የመከር ሥራው

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት አጽዋማት አሉአት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የፍልሰታ ጾም 15 ቀን፣ የነነዌ 3 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም ከበዓለ ኀምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ። አብዛኛው ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ያህል ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከዕንቁላል ይርቃል፤ ሁሉን የሚጾሙ ካህናትና መነኮሳት ቁጥሩን ከ200 በላይ ያደርሱታል። ስለዚህ በአገራችን ገበታ ላይ የጾም ምግብ የሚባለው ቦታ ሰፊ ነው፤ ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ስልጆ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ንፍሮ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ እንዲሁም ከሽምብራ ዱቄት በዓሣ አምሳል ተሠርቶ የሚጠበሰው የሽምብራ ዓሣ ይገኙበታል።

አሁን የገበሬውን የሥራ ዘመን ከጾሙ ጋር እናስተያየው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት ይዘልቃል። ይህ ጊዜ ጤፍ የሚታጨድበት፣ የሚከመርበትና ውቂያ የሚጀመርበት ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ወገብና ክንድ እጅግ የሚደክሙበት ወራት ማለት ነው። ዐቢይ ጾም ደግሞ የሚገባው ሽምብራው ተነቅሎ በሚወቃበትና መሬቱ እንደ ገና መታረስ በሚጀምርበት ወራት ነው። ይህ ሁሉ ሲደረግ የጾመኛው ገበሬ ምግብ እንጀራና ጥራጥሬ ነበረ። ከበሬ ኋላ የሚሄደው፣ ነዶ የሚሸከመው፣ መንሽ የሚያነሣው ሰው ጡንቻ ለዘመናት በዚህ ምግብ ሲጠበቅ ኖሮአል። ይህ የአንድ ሰው የግል ሙከራ አይደለም፤ የአንድ ሕዝብ የብዙ መቶ ዓመት ልማድ ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ለይተን ካላየን እንሳሳታለን። በመጀመሪያ፣ ጾመኛው ገበሬ በፋሲካና በገና ሥጋ ይበላ፣ በፍስክ ቀንም ወተትና ቅቤ ያገኝ ነበር። ቫይታሚን ቢ 12 የሚባለው ለደምና ለነርቭ አስፈላጊ የሆነ ነገር በእህልና በጥራጥሬ አይገኝም፤ የጾመኛው ጉበት ግን በፍስክ ያጠራቀመውን ይዞ ጾሙን ያሳልፋል። ዓመቱን ሙሉ፣ ዕድሜውንም ሙሉ ከእንስሳት ምግብ የሚርቅ ሰው ይህን ቫይታሚን በእንክብል ወይም በተጨመረበት ምግብ ማግኘት አለበት። ሁለተኛ፣ ጾም የሚቀንሰው ሥጋን ብቻ ሳይሆን ሰዓትንም ነው። እስከ 6 ሰዓት ወይም እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምስ የሚቆይ ሠራተኛ ሦስት ጊዜ ይበላ የነበረውን ወደ ሁለት ወይም ወደ አንድ ጊዜ ይቀንሰዋል። ብዙ ሰው «ጾሙ አከሳኝ» ሲል በእውነት ያከሳው የሥጋው መቅረት ሳይሆን የገበታው ማነስ ሊሆን ይችላል።

የጥራጥሬ ታሪክ ማስጠንቀቂያም አለው። ጓያ ድርቅንና የአፈር መጨቅየትን የሚችል፣ ርካሽም ስለ ሆነ በችግር ዘመን ሌላው እህል ሲጠፋ ብቻውን ይበላል። ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግብ ሲሆን ግን በውስጡ ያለው መርዝ ነርቭን ጎድቶ እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰዎች በዚህ ተጎድተዋል። ስለዚህ ጉልበት ፈላጊ ሰው ሽምብራን፣ ምስርን፣ ባቄላንና አተርን እንጂ ጓያን የዘወትር ምግቡ ሊያደርግ አይገባውም።

3. ያው እምነት በአውሮፓ

ሥጋ በሥጋ ይተካል የሚለው አሳብ የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ስመ ጥር የነበረው ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ፣ ጡንቻ ሥራ ሲሠራ የሚቃጠለው ራሱ የጡንቻው ፕሮቲን ነው ብሎ አስተማረ። እንዲህ ከሆነ ጉልበተኛ ሁሉ ብዙ ሥጋ መብላት ሊያስፈልገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ፊክና ቪስሊሴኑስ የተባሉ ሁለት መምህራን ይህን ለመፈተን በስዊስ አገር ፋውልሆርን የተባለውን ተራራ ወጡ። ከመውጣታቸው በፊትና በመንገዳቸው ላይ የበሉት ፕሮቲን የሌለበት፣ ከስታርችና ከስብ የተዘጋጀ ምግብ ነበር። ሽንታቸውን ሰብስበው በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን በለኩ ጊዜ፣ የተቃጠለው ፕሮቲን ተራራውን ለመውጣት ያስፈለገውን ኀይል ሊሸፍን እንደማይችል ተገነዘቡ። ጡንቻ በፕሮቲን ይታነጻል፤ የሚሠራው ግን በብዛት በስታርችና በስብ ኀይል ነው። እንጀራ ለአራሽ ጉልበት የሚሆንበት ምክንያት በዚህ ታወቀ።

የልማድ ኀይል ግን ቶሎ አይሸነፍም። የሙኒኩ ካርል ፎን ፎይት ለአንድ ሠራተኛ በቀን 118 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል ሲል ደነገገ፤ ቁጥሩም ለብዙ ጊዜ እንደ ሕግ ተቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ1904 የዬሉ ረስል ቺተንደን በመምህራን፣ በወታደሮችና በስፖርተኛ ተማሪዎች ላይ ያደረገውን ጥናት አሳትሞ፣ ከዚህ እጅግ ባነሰ ፕሮቲን ሰዎቹ ጤናቸውንና ጉልበታቸውን ጠብቀው መኖራቸውን አሳየ። ዛሬ የዓለም የጤና ድርጅት ለጤናማ አዋቂ የሚበቃ ብሎ የሚያመለክተው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን 0.83 ግራም ነው። ይህ ጤናን ለመጠበቅ የሚበቃ ነው። ክብደት በማንሣት ጡንቻ ለሚያንጽ ሰው ግን የዘመኑ አጥኚዎች ወደ 1.6 ግራም ያህል ይመክራሉ።

4. ከከሱ በኋላ ስለ መመለስ

የከሳ ሰው እንዴት እንደሚመለስ በጥንቃቄ የተመረመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለው ሊቅ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንት በአነስተኛ ምግብ አኖራቸው። የሚበሉት በአብዛኛው ዳቦ፣ ድንችና ጎመን ነበር። በመጨረሻ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ከዚያም ለ12 ሳምንት በተለያየ መጠን እየመገበ ለአንዳንዶቹ ተጨማሪ ፕሮቲንና ቫይታሚን ሰጣቸው። የተገኘው ውጤት ግልጽ ነበር፤ የምግቡ ጠቅላላ መጠን ሳይበቃ ፕሮቲንና ቫይታሚን መጨመር ብዙም አልጠቀመም። ሰውነት በመጀመሪያ የሚሻው ጥጋብ ነው። ደግሞም ሲመለሱ ስቡ ከጡንቻው ቀድሞ ተመለሰ። ከዚህ የምንማረው የከሳ ሰው መወፈሩ ብቻ ጡንቻው መመለሱን እንደማያሳይ ነው፤ ጡንቻ ከበቂ ምግብ ጋር ሥራን ይጠይቃል።

በአገራችንም የዚሁ ጥያቄ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድንና በኢትዮጵያ ትብብር የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ እርሱም በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ይህ ክፍል ከእህል፣ ከሽምብራና ከአኩሪ አተር ዱቄት፣ ጥቂት የደረቀ ወተትና ቫይታሚን ጨምሮ፣ የከሱ ሕፃናት የሚያገግሙበትን ምግብ አዘጋጀ። ስሙንም ፋፋ አሉት። ስሙ መልካም ምርጫ ነበር፤ ሥጋን ሳይጠራ የሰውነትን መለምለም ይናገራልና። ጥቂት ወተት ስለ ነበረበት ፍጹም የጾም ምግብ ነው ልንል አንችልም፤ ነገር ግን አብዛኛው ክፍሉ ከማሳ የተገኘ ነበር። ፋፋ በችጋር ዘመን ለብዙዎች ተሰጥቶአል።

በዚያው ዘመን የተባበሩት መንግሥታት የፕሮቲን እጥረት ዓለምን ሊያጠፋ ነው እያሉ ይናገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶናልድ ማክላረን የተባለ ሐኪም ይህ አመለካከት ስሕተት መሆኑን በብርቱ ቃል ጻፈ፤ የድኻ ልጆች የሚከሱት አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮቲን ብቻ ሳይሆን ከምግብ ሁሉ ስለሚጎድልባቸው ነው። ይህም ከሚኒሶታው ትምህርት ጋር ይስማማል።

ስለ ጡንቻ በተለይ የተደረገው ጥናት የቅርብ ነው። በብራዚል ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ምርምር ከእንስሳት ምግብ ፈጽሞ የራቁ 19 ወጣቶችንና ሁሉን የሚበሉ 19 ወጣቶችን አወዳደረ። ሁለቱም ወገን ለ12 ሳምንት የእግር ክብደት ልምምድ አደረጉ፤ የፕሮቲናቸው መጠን በአኩሪ አተር ወይም በወተት ዱቄት እየተሟላ ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.6 ግራም ሆነ። በጡንቻቸውና በጉልበታቸው ዕድገት መካከል ልዩነት አልተገኘም። እነዚህ ወጣቶች ከሕመም የተነሡ አልነበሩም፤ ቢሆንም መጠኑ ሲሟላ ጡንቻው ፕሮቲኑ ከበሬ ይምጣ ከማሳ እንደማይለይ ያስረዳናል።

5. ሒሳቡ በአቃቂ ገበታ

ይህን ሁሉ ወደ አንድ የቃሊቲ ጫኝና አውራጅ ቤት እናምጣው። ሰውዬው ታሞ ተነሥቶአል፤ ክብደቱ 60 ኪሎ ነው እንበል። ጤናውን ለመጠበቅ በቀን 50 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል፤ የቀድሞ ጡንቻውን ለመመለስ ግን ወደ 96 ግራም ይሻል።

በጾም ቀን 400 ግራም የጤፍ ዱቄት በእንጀራ ቢበላ 44 ግራም ያህል ያገኛል። 150 ግራም ሽምብራ በሽሮ፣ በንፍሮና በቆሎ ቢጨምር 30 ግራም፣ 80 ግራም ምስር 19 ግራም፣ ጥቂት ተልባ ወይም ኦቾሎኒ ደግሞ 6 ግራም ይሰጡታል። ድምሩ 99 ግራም ነው። ከዕፅዋት የሚገኝ ፕሮቲን ሁሉ በሆድ ውስጥ እንደ ሥጋ አይፈጭም፤ ስለዚህ ትንሽ ማብዛት ይጠቅማል። የጤፍና የሽምብራ መጋባትም እንዲያው የመጣ ልማድ ብቻ አይደለም። በእህል የሚያንሰው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በጥራጥሬ ይበዛል፤ በጥራጥሬ የሚያንሰው ሜቲዮኒን በእህል ይገኛል። እናቶቻችን ይህን ቃል ሳያውቁ እንጀራን ከሽሮ ጋር አገናኝተዋል። ሊጡም በእርሾ መቡካቱ ብረትና ዚንክ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ነገር ይቀንሰዋል።

አሁን ወሩ አልቆ ሽሮው ይቅጠን። 230 ግራም የነበረው ጥራጥሬ ወደ 50 ግራም ቢወርድ፣ ተልባውም ቢቀር፣ ድምሩ 54 ግራም ይሆናል። ሰውዬው አይሞትም፤ ሆዱም በእንጀራ ይሞላል፤ ነገር ግን ኩንታል የሚሸከመው ትከሻው አይመለስም። ጎረቤቱም አይቶ «ሥጋ ስላልበላ ነው» ይላል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። የጎደለው ሥጋ ሳይሆን 180 ግራም ጥራጥሬ ነው።

ከዚህ ሒሳብ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው። ያገገመ ሰው ወጡን ያወፍር፤ ቆሎና ንፍሮ በኪሱ ይያዝ፤ ከ9 ሰዓት በኋላ የሚበላ ጾመኛ ከሆነ እስኪተኛ ድረስ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይብላ። ኀይሉ ሲመለስ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ክብደት ያንሣ፤ በየሰፈሩ ወጣቶች በሲሚንቶ ሞልተው የሚያነሡት ጣሳም ለዚህ ይበቃል። ሸክሙንም ጥቂት በጥቂት ያክብድ። እጅግ የመነመነ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት ለልቡ አደጋ ስለሆነ በሐኪም ጥበቃ በጥቂቱ ይጀምር። ቤተ ክርስቲያንም ለሕሙማን ጾምን እንደምታቀልል ፍትሐ ነገሥት ስለሚመሰክር፣ በሽተኛው ከንስሓ አባቱ ጋር ተማክሮ ወተትና ዕንቁላል ቢወስድ የሚነቀፍ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ሥጋን ለመከልከል አልተጻፈም። ሥጋ የማያገኝ ወይም የማይሻ ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው።

6. ማጠቃለያ

ታሪኩን ስንሰበስበው ሦስት ነገር እናገኛለን። የከሳ ሰውነት በመጀመሪያ በቂ ምግብ፣ ቀጥሎ ከእህል ጋር የተጋባ ብዙ ጥራጥሬ፣ በመጨረሻም እየከበደ የሚሄድ ሥራ ይፈልጋል። ከነዚህ መካከል ለአቃቂ ገበሬ አያት አንዱም ብርቅ አልነበረም። ለዛሬው የልጅ ልጁ ግን ሁለተኛው ብርቅ እየሆነ ነው።

በደብረ ዘይት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በጤፍና በጥራጥሬ ላይ ሲሠራ ኖሮአል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ካወጣቸው የሽምብራ ዝርያዎች አንዱ «አቃቂ» ተብሎ ተሰይሞአል። ዝርያው ስሙን ይዞ ይኖራል፤ ስሙን የሰጠው ሜዳ ግን በየዓመቱ ለመጋዘንና ለመኖሪያ ቤት እየዋለ ነው። ፋብሪካና ቤት ለሕዝብ ያስፈልጋሉ፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት የጥራጥሬ ዋጋ መናሩን የማያውቅ ገበያተኛ የለም። ማሳው ሲቀንስና ዋጋው ሲጨምር የሚቀጥነው የሠራተኛው ሽሮ ነው፤ ሽሮው ሲቀጥንም የሚመነምነው ፋብሪካውንና መጋዘኑን የሚሸከመው ክንድ ነው። ስለዚህ ሽምብራና ምስር የድኻ ማባያ ተብለው ሊናቁ አይገባም። የሠራተኛ መኖን የሚያዘጋጁ፣ በሽተኛን የሚያስታምሙና ስለ ከተማ መሬት የሚመክሩ ሁሉ ጥራጥሬውን ከአገር ጉልበት ጋር አብረው ቢቆጥሩት ታሪኩ ይደግፋቸዋል ብለን እናምናለን።